የእማሆይ ግድግዳ

ስንጥቁ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ የገብሱ ማሳ ውስጥ ሲገባ ባየሁ ጊዜ ነው ነገሩ የቤት እንዳልሆነ የገባኝ። የሚሰነጠቀው ተራራው ራሱ ነበር። እጄን ብሰደው እስከ ክርኔ ገባ።

ቤቱ የጎረቤታችን የእማሆይ ነው። ባላቸው ሲሞት መንኩሰው፣ ጧሪ ሳይኖራቸው፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ልጄ መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ አስረኛ ክፍል ትማራለች። የተማሪዎች መማክርት ሰብሳቢ አድርገው መርጠዋታል። ተማሪው ክረምት ክረምት በየቀበሌው የደካማ ቤት መጠገን ጀምሯል። እሷም ጓደኞቿን ይዛ መጣችና የእማሆይን ክዳን ከጓሳ ተራራ በመጣ ሣር አደሱት፤ የውስጡን ግድግዳ በጭቃና በእበት መረጉት።

እማሆይ በራፉ ላይ ተቀምጠው ይተርቧቸዋል።

«እስክሪብቶ የለመደ እጅ! ይኼ ምርጊት ነው ቂጣ?»

«ቂጣ ከሆነማ ጠዋት ይቁረሱት እማሆይ» አለች ልጄ። ሳቁ እስከ ማዶ ተሰማ።

በማግስቱ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ልጄ ፊቷ ጠቆረ።

«እማዬ፣ ለግብርናው ሠራተኛ ልንገረው። መሬቱ ቢሆንስ?»

«ዝም በይ» አልኳት።

እሁድ የቀበሌው ሰዎችና መምህሮቿ ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ሰው እንዳይስቅባት ፈራሁ። ደግሞ እኛ አገር ሴት ግድግዳ ሲሰነጠቅ ብታይ ጭቃው በደንብ አልቦካም ነው የምትለው፤ ተራራውን ማን ይጠረጥራል? ሦስት ቀን ማለዳ ማለዳ እየሄድኩ፣ ልጄ ሳታይ፣ ስንጥቁን መርጌ ደፈንኩት። ያዩኝ እማሆይ ብቻ ናቸው። «አይ እናት!» ይሉኛል፤ ለማንም አልተናገሩብኝም።

በአራተኛው ቀን ነው እንግዲህ ስንጥቁን ተከትዬ ወደ ውጭ የወጣሁት። ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ጓደኞቿ ለሌላ ቤት የሚሆን ሣር ሊያመጡ ሄደው ልጄ ብቻዋን እማሆይ ዘንድ ነበረች።

«ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። «መሬቱ እየሄደ ነው!»

«እማሆይን ሳልይዝ?»

ገብቼ ክንዷን ያዝኩት። «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሩጪና ደወል አስደውዪ፤ ታች ያለው ሰው ይውጣ። እማሆይን እኔ አመጣቸዋለሁ።»

«እንደምታመጪያቸው ማይልኝ።»

«ልጄን ይንሳኝ» አልኳት። እሷን ለማስወጣት ስል ሌላም እምል ነበር።

ሮጠች። እማሆይን ደግፌ እስከ ደጃፍ አደረስኳቸው። እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ፤ ግን እግራቸው አልራመድ አለ። ልሸከማቸው ጎንበስ ስል ከላይ አንድ ድንጋይ ተንከባሎ ግቢው ውስጥ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ። መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደ እርጎ ተንቀጠቀጠ።

ሰው ሲያወራ «ተይኝ፣ ሂጂ አሏት» ይላል። አላሉም። ነጠላዬን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «አትተይኝ ልጄ» ነው ያሉኝ።

ነጠላውን ትቼላቸው ሮጥኩ።

ከኋላዬ የመጣው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ዞሬ አላየሁም። ደወሉ ይደወላል፤ የታች ሰፈር ሰው ልጁን አዝሎ፣ በጉን እየነዳ ይወጣል። ልጄ ባታስደውል ያ ሁሉ ሰው አልቆ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ከተዳፋቱ ራቅ ብሎ አለት ላይ ነው የተሠራው። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔን ስታይ አልሮጠችም፤ ከኋላዬ ፈለገች።

«እማሆይስ?»

«ትቻቸው መጣሁ።»

ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለችና ፊቷን በጭቃማ እጆቿ ሸፈነች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። መሬቱን በመዳፌ ነካሁት፤ አይንቀሳቀስም።

«ድነናል» አልኳት። «እኔና አንቺ ድነናል።»