ጋሽ ሽቦና ሁለቱ መንገዶች

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሽቦ ይለው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በከተማዋ የመረጃ ማዕከል ሰማያዊና ቢጫ ገመድ ሲያያይዝ ኖሯል፤ ያለ እንጉርጉሮ አንድ ገመድ እንኳ ሰክቶ አያውቅም። "አባዬ፣ ማሽኖቹን እንቅልፍ ልታስወስዳቸው ነው እኮ!" ትለዋለች ልጁ። እሷ ከከተማዋ ማዶ የአምቡላንስ ጥሪ ትቀበላለች፤ ጥሪው የሚያልፍበት ሰርቨር ያለው ግን አባቷ ዘንድ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከተማዋ በነውጠኞች እጅ ትታረድ ነበር። የወደቀ ሰው ያልነበረበት መንገድ የለም፤ የልጁም ስልክ ዕረፍት አጥቶ ነበር። ድንገት የብረት ዘንግ የያዙ አምስት ሰዎች የማዕከሉን የመስታወት በር አርግፈው ገቡ። ዘበኛውን ግንባሩን ፈልጠው ጣሉት።

"ዛሬ ይቺ ከተማ ድምጿ ይዘጋል!" አለ መሪያቸው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ጎረምሳ። የመጀመሪያውን መደርደሪያ ቀጠቀጠው። አረንጓዴ መብራቶቹ እንደተረገጠ ኮከብ ጠፉ።

ጋሽ ሽቦ ከኋላ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ከብረት በር ጀርባ የተቆለፈው የአምቡላንሱ ሰርቨር በሶፍትዌር ብቻ የተሠሩ፣ እጅ የማይዳስሳቸው ሁለት ቨርቹዋል የኔትወርክ ካርዶች አሉት። አንደኛው በአዳራሹ ስዊች፣ ማለትም ገመዶቹ በሚገናኙበት ሣጥን፣ ሌላኛው እዚያው ከብረት በሩ ጀርባ ባለው ስዊች ያልፋል፤ አንዱ ቢሞት ጥሪው በቅጽበት በሌላው ይሮጣል። በዚህ ሲጽናና አንድ ነገር ትዝ አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት የውስጠኛውን ስዊች ሲጠግን፣ "ለአንድ ሰዓት ብቻ" ብሎ ሁለተኛውን ካርድ ወደ አዳራሹ ስዊች አዛውሮት ነበር። አልመለሰውም።

የአዳራሹ ስዊች አራተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ብረቱ ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

"አንተ ሽማግሌ! ምን ትነካካለህ?"

ጎረምሳው በብረቱ ሲመታው ቀኝ እጁ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

"ተው ልጄ..."

"ልጅህ አይደለሁም!" ጎኑን ደገመው።

ጋሽ ሽቦ ኮምፒውተሩን በደረቱ ሸፍኖ፣ ከአፉ ደም እየተንጠባጠበ፣ ሁለተኛውን ካርድ ወደ ውስጠኛው ስዊች የሚመልሰውን ትእዛዝ በግራ እጁ ፊደል በፊደል ጻፈ። ከንፈሩ እንደ ልማዱ ያንጎራጉራል፦

ሁለት መንገድ ብዬ ባንድ ድልድይ ሄጄ፣
ድልድዩ ቢሰበር ሁለቱም ወጡ ከእጄ።

የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫነ። "ተዛውሯል" አለ ስክሪኑ። ወዲያው ርግጫ ፊቱ ላይ አረፈ።

ጎረምሳው እየሳቀ አራተኛውን መደርደሪያ በሁለት እጁ ጎትቶ ጣለው። መደርደሪያው ከነማሽኑ በላዩ ተደረመሰ፤ ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው። ጓደኞቹ የተቀጠቀጠ እግሩን አይተው፣ ዞር ሳይሉ ፈረጠጡ።

ዘበኛው ደሙን እየጠረገ ስልኩን አወጣ። "ጋሼ፣ ማን ያነሳዋል? ሁሉን ፈጁት እኮ።"

"ደውል ብቻ።"

ጠራ። "አምቡላንስ፣ ምን ልርዳዎ?" የልጁ ድምፅ ነበር። ጋሽ ሽቦ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው ከደሙ ጋር ወረደ።

ዘበኛው አድራሻውን ሲናገር ድምጿ ተሰበረ። "አባዬስ? አለ?"

"አለ፣ አለ! እጁን ነው።"

"ስንት ሰው ነው የተጎዳው?"

ዘበኛው ወደ ወደቀው መደርደሪያ አየና ፊቱን አዞረ። "ሁለት።"

ከብረቱ ሥር፣ "እናቴን... እናቴን ጥሩልኝ" የሚል ድምፅ ይሰማል።

"ሦስት በላት" አለ ጋሽ ሽቦ፣ የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ ታቅፎ። "ደሞ መጀመሪያ እሱን ያንሱ በላት፤ ደሙ እያለቀ ነው።"