ለቴኒስ ብዬ ፈጥሬ የገደልኳት አክስት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ፣ ሰው ማማቴን ነግሬያለሁ፣ ከአማቴ ጋር ሦስት ወር መኳረፌን ነግሬያለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ዘልዬ አልፋለሁ። ዛሬ የምጽፈውም እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንዲያውም ካደረግኩት ውስጥ ግማሹን ዛሬም ቢሆን መልሼ አደርገዋለሁ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የሌለች አክስት ፈጥሬ ገደልኩ። ያደረግኩት ይህ ነው። ለአንድ ዓመት የቴኒስ ክለብ አባልነት ስል ተወልዳ የማታውቅ ሴት ገደልኩ፣ ሦስት ቀንም ለቅሶ ተቀመጥኩላት። ሲነገር ያስቃል፤ መጀመሪያ ላይ እኔንም አስቆኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ፣ የአማርኛ መምህርት ሆኜ መቀሌ የተመደብኩ፣ እዚሁ አግብቼ ሦስት ልጆች የወለድኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኪሮስ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ የወሩን ግማሽ የሚያሳልፈው በረሃ ነው። ቤታችን ሓድነት ሰፈር፣ ያኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ በዓዲ ሓቂ በኩል ነበር። ከሥራ ስወጣ ታክሲ የምጠብቀው አንድ ክለብ አጥር ሥር ቆሜ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ቴኒስ ይጫወታሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ታክሲ እየጠበቅኩ አየኋቸው። የድርጅት ሠራተኞች፣ ተቋራጮች፣ አንድ ሁለት ሐኪሞች። ይሮጣሉ፣ ይስታሉ፣ በሳቱት ይስቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እኔ ትልልቅ ሰዎች ተሳስተው የሚስቁበት ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ስሳሳት ስልሳ ተማሪ አፍጥጦ ያየኛል፤ ቤት ውስጥ ወጥ ሲያርብኝ ደግሞ ወሬው አማቴ ቤት ይደርሳል። እዚያ ግን አንዲት እንደ እኔ ወፈር ያለች ሴት ኳሷን ከአጥር ውጪ አውጥታ ስትልካት፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ያን ቀን ሁለት ታክሲ አሳልፌ ቆሜ ቀረሁ።

ፈለግኩ። ለምን ብትሉኝ ሌላ መልስ የለኝም። ትከሻዬን ስለሚያመኝ ሐኪም አዞኝ ነው ብዬ ለሰው አውርቻለሁ፤ ውሸት ነው፣ ማንም አላዘዘኝም።

አንድ ቀን ደፍሬ ገባሁና ጠየቅኩ። ክፍያው የዓመቱ በአንድ ጊዜ ነው፣ ምዝገባውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያመለጠው እስከ ከርሞ ይጠብቃል። ዋጋው የወር ደመወዜን ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ነበር። ያን ሰሞን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። በዚህ ብር የልጆቹ ጫማ ይገዛል፤ የግቢው በር ይቀየራል፤ እናቴን ሄጄ እጠይቅበታለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ አጥሩ አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሳቁ አለ። ዋጋ ያወጣል ወይስ አያወጣም? ተኝቼም፣ የተማሪ ደብተር እያረምኩም የማስበው ይህንኑ ነበር። ኪሮስን ባማክረው በሳቅ ፈረሰ።

«ኳስ ለመምታት ነው ይህ ሁሉ ብር?» አለኝ። «ግድግዳው አለልሽ አይደል እንዴ? በነጻ ምቺው!»

እሱ ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ሲጠጣ ዋጋ ያወጣል አያወጣም ብሎ ተጨንቆ ያውቃል? አያውቅም። እኔንም አማክሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ለአንድ ራኬት ፍርድ ቤት እንደ ቆመ ሰው መከላከያ አቀርባለሁ። በመጨረሻ «እንደፈለግሽ» ብሎኝ ወደ በረሃው ሄደ፣ እኔም ቆረጥኩ። ይህን መቁረጤን ነው ዛሬም መልሼ አደርገዋለሁ ያልኳችሁ።

ችግሩ ጽዋው ነበር። የሰፈራችን አሥራ አንድ ሴቶች የማርያም ማኅበር አለን። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ተረኛዋ ስዋዋን፣ ጠላዋን ማለት ነው፣ ጠምቃ፣ ሕምባሻዋን ጋግራ፣ ወጡን ሠርታ ቤቷ ትጠራለች፤ ቄሱ ከባረኩ በኋላ ጽዋውን ቀጣይዋ ተረኛ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የዚያ ወር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ጽዋው ቡፌዬ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ማኅበሩንም ክለቡንም በአንድ ደመወዝ መወጣት አልችልም። ተራ ቀይሩኝ ብዬ መለመን አልችልም ነበር? እችል ነበር። ግን ለምን ይሉኛል። ማርያምን ለቴኒስ አስተላለፈች ተብዬ መሳቂያ መሆን አልፈለግኩም። በማኅበራችን ደንብ ሳይጠየቅ ተራ የሚያስለውጥ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሐዘን። ሐዘን የገባበት ቤት ጽዋውን ለቀጣይዋ ያስረክብና በሚቀጥለው ወር በእሷ ፈንታ ያወጣል። የሚያስፈልገኝ አንድ ወር ብቻ ነበር። በአንድ ወር ማን ይጎዳል አልኩ።

በሕይወት ያለ ዘመድ መግደል ፈራሁ። በአፌ ሰው ባስቀስፍስ? አባቴ እህት አልነበረውም፤ ስለዚህ እህት ሰጠሁትና አስካለ አልኳት። ማርያም ልትደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው የአክስቴን ሞት አረዳኝ ብዬ ለጎረቤቴ ነገርኩ። ጽዋውን የሚወስድ ሰው ልከው የሚተዉኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ያህል ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላወቅኳቸውም ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ቤቴ ሞላ። ጠረጴዛውን አወጡ፣ ፍራሽ አነጠፉ፣ ልጆቼን ወስደው አበሉ። ማኅበርተኞቼ ሥራቸውን ትተው ከጎኔ አልነሳ አሉ። ምን ዓይነት ሰው ነበረች ይሉኛል። ጸጉሬን ትሠራልኝ ነበር እላለሁ። ልጅ አልነበራትም፣ እኔን እንደ ልጅ ነበር የምታየኝ እላለሁ። ታማ ሳለ አልደረስኩባትም እላለሁ። እንባው ከየት መጣ? እኔ እንጃ፣ ግን መጣ። በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋን ወድጃት ነበር።

ማክሰኞ ኪሮስ ከበረሃ ሲመለስ ቤቱን በለቀስተኛ ተሞልቶ አገኘው። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። «ጽንዓት ይሃብካ» እያሉ ሲያጽናኑት አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየና «አሜን» ብሎ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ሰው ሲቀልል ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

«አስካለ።»

«ነፍስ ይማር» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንስቶብኝ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው እስከዚህ ያለውን ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ከእናንተ በፊት የሰማ የለም።

ቀጣይዋ ተረኛ፣ ሁላችንም አደይ፣ እናታችን፣ የምንላቸው ለተብርሃን ነበሩ። ባላቸውን በልጅነታቸው የቀበሩ፣ በመንገድ ዳር በምትገኝ ጠባብ ክፍላቸው በርበሬና ሽሮ እየሸጡ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሦስቱንም ቀን ከእኔ ጎን ነበሩ። የአስካለን የክርስትና ስም የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው። ሌላ ስም አልመጣልኝም፤ የራሴን ሰጠኋቸው። ረቡዕ ጠዋት ጽዋውን ሊወስዱ ብቻቸውን መጡ። ከነጨርቁ አንስቼ አቀበልኳቸው።

«ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ በጽዋው አታስቢ፣ እኔ አወጣዋለሁ» አሉኝ። «ነገ ዓቢይ ዓዲ ልሄድ ነበር። ሓፍተይ፣ እህቴ ታማለች፣ ደክማለች፣ ቶሎ ድረሺ ብለው ልከውብኝ። ምን ይደረግ፣ ማርያምን ላውጣና እሄዳለሁ። እሷ ታቆይልኛለች።»

ሰማሁ። አልሰማሁም እንዳልል፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው የተናገሩት። አልገባኝም እንዳልል፣ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ፣ እሳቸውም የተናገሩት በአማርኛ ነው፣ ለእኔ ብለው። ጽዋውን አራት እጅ ይዞታል። ሁለቱ የእኔ ናቸው። እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ አወጣዋለሁ ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ውሸቴን እንኳን ሳልናዘዝ ማለት እችል ነበር። የምዝገባው መጨረሻ ዓርብ ነበር። ሰማሁ፣ ዓርብን አሰብኩ፣ እጄን ከጽዋው ላይ አነሳሁ።

ሰበብ አለኝ፤ ሰበብ ሞልቶኛል። አውቶቡስ በየቀኑ አለ፣ ሁለት ቀን ሄደው መመለስ ይችሉ ነበር። ጎረቤት ጠርተው ማስጠመቅ ይችሉ ነበር። ግን እሳቸው እንደዚያ ዓይነት ሴት እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ጽዋ ቤታቸው አስቀምጠው፣ ብቅሉንና ጌሾውን ለሰው ትተው አገር አይሄዱም። ያኔ እንደ ዛሬው ስልክ በየኪሱ የለም፤ እንዴት አደረች ብለው የሚጠይቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህን ሁሉ የዚያን ዕለት አውቅ ነበር። ስለዚህ ሰበቤን ለራሴ ላስቀረው።

ዓርብ ተመዘገብኩ። በማርያም ዕለት አደይ ለተብርሃን ቤት ጥቁር ሻሽ አስሬ ሄድኩ። እንደዚያ የጣፈጠ ስዋ ጠጥቼ አላውቅም። በማግስቱ ወደ ዓቢይ ዓዲ ተሳፈሩ። ሲደርሱ እህታቸው ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው ተቀብራለች።

ሲመለሱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ በር ላይ ቆምኩ። አደይ ለተብርሃን አዩኝ።

«ለእሷ ቦታ ልቀቁላት፣ የእሷም ሐዘን ገና ትኩስ ነው» አሉ።

ሴቶቹ ተጠጋጉልኝና ከአደይ ለተብርሃን ጎን አስቀመጡኝ። እሳቸውም እጄን ያዙኝ።

«አንቺም አልደረስሽባትም፣ እኔም አልደረስኩባትም» አሉኝ፤ እኔን እያጽናኑኝ ነው። ስለ አስካለ አለቀሱልኝ። እዚያው ልሙት አልኩ። አልሞትኩም፤ የቀረበልኝን ሕምባሻ በልቼ ወጣሁ።

አሁን ከእኔ ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ክለቡ መርዝ ሆነብኝ፣ ራኬት በያዝኩ ቁጥር እሳቸው ፊቴ ላይ ይመጡ ነበር እንድላችሁ ነው። አልልም። አራት ዓመት ተጫወትኩ፣ ደስ እያለኝ ተጫወትኩ። እዚያ ሜዳ ውስጥ አደይ ለተብርሃን አንድም ቀን ትዝ ብለውኝ አያውቁም። መጀመሪያ ኳሷን መሐል ለመሐል አግኝቼ የመታኋት ቀን እንደ ልጅ ጮኬያለሁ። ኳስ ስስት ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ዋጋ አወጣ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አወጣ። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ለራሷ አንድ ነገር በመፈለጓ ይቅርታ እንድትጠይቅ የሚፈልግ ካለ ከእኔ አያገኝም። ክፋቱን የሠራው ቴኒሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። በቴኒሱ ላይ አላሳብብም፤ በኪሮስም፣ በመንደሩ አፍም አላሳብብም። ከሳቅ ለመዳን ስል አንዲት ሴት ከእህቷ የመጨረሻ ቀን አስቀረሁ።

አደይ ለተብርሃን ዛሬም አሉ። በየዓመቱ በእህታቸው መታሰቢያ ቄሱ ሁለት ስም እንዲጠሩ ያደርጋሉ፤ የእህታቸውንና የአስካለን። እንዳይረሱት በወረቀት አጽፈው ለቄሱ ይሰጧቸዋል። እኔም በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ ከሙታን መካከል የገዛ ክርስትና ስሜ ሲጠራ ቆሜ እሰማለሁ። አሜን የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ለምን አልነግራቸውም? ብነግራቸው የሚሆነውን አውቃለሁ። ተናግሬ ሳልጨርስ ይቅር ይሉኛል። ከዚያ እኔ ቀልሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው የእህታቸውን ሐዘን እንደ አዲስ ሊጀምሩት ነው። አሁን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብለው ተቀብለውታል። የእኔ ሥራ መሆኑን አውቀው እንዴት ይቀበሉታል? ፈሪ ናት በሉኝ፣ ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔ ግን እሳቸውን አክብጄ እኔ አልቀልም።

የንስሐ አባቴም ቢሰሙኝ ጾምና ስግደት ሰጥተው ይፈቱኛል። መፈታት አልፈልግም። ለእናንተ የነገርኳችሁ ይቅር የማለት ሥልጣን ስለሌላችሁ ነው።