የማማ ኖምሳን ሕመም የተናገርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለወንድሜ እንኳን ነግሬው አላውቅም። ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቁ ጀርባ አብረን ስናድር፣ አብረን ስንጸልይ፣ ከንፈሬ ላይ እየደረሰ ስንቴ ዋጥኩት። ለእናንተ ግን እናገራለሁ፤ አታውቁኝምና ልታዝኑልኝ አትገደዱም።

ሆሳዕና አድጌ፣ ጂኦሎጂ ተምሬ ነው ጆሃንስበርግ የመጣሁት። በጥገኝነት ወረቀት ማን ጂኦሎጂስት ይቀጥራል? ወንድሜ ሱቅ ዳቦና የሞባይል ካርድ ስሸጥ ኖርኩ። የቀጠሩኝ ማማ ኖምሳ ናቸው። ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር፣ ጥልቅ የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ የታመቀ ዘይትና ጋዝ የሚፈልግ ትንሽ ኩባንያ ነበራቸው። ወረቀቴን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ድንጋዩ ፓስፖርት አይጠይቅህም፤ ሰኞ ና» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን ትልልቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ትንንሾቹን ይገዙ ነበር። ራስ ከመቆፈር፣ የቆፈረውን መጠቅለል ይቀላላ! አንዱ ወደ እኛም መጣ። ማማ የምንቆፍረው የሙከራ ጉድጓድ ውጤት ሳይታወቅ አልሸጥም አሉ። ልክ ነበሩ። ግን ኩላሊታቸው ደክሞ እጥበት ጀምረው ነበር። ይህን የምናውቀው ወደ ክሊኒክ የሚያመላልሳቸው ሾፌራችን ሲፖና እኔ ብቻ ነን። «ይህን ከሰሙ ድካሜን ጠብቀው ይውጡናል» ብለው አደራ አሉን።

የትልቁ ኩባንያ ሰው ሳንድተን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ምሳ ጋበዘኝ። ስለ ወረቀቴ አነሳ፤ የሥራ ፈቃድ ማውጣት ለእነሱ ቀላል እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ እንደ ዘበት፣ ማማ ሰሞኑን መስክ የማይወጡት ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። እኔ ግን «ታመዋል፤ ብዙ መጠበቅ አይችሉም» አልኩት። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ወዲያው ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ አጭር ቀነ ገደብ ቆርጠው መጡ። አበዳሪዎቹም ሕመሙን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ። ማማ ፈረሙ። ጉድጓዱ በኋላ ደህና ውጤት ሲሰጥ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፤ እኔም አብሬ። ሲፖን ብቻ የካሩን መንገድ ስለሚያውቅ አስቀሩት። ሰው ሁሉ የሸጣቸው እሱ ነው አለ። ማማም አመኑ፤ ሰላምታ ነሱት። የእኔ የሥራ ፈቃድ ግን ቆይቶ፣ እዚያው ትልቁ ኩባንያ ውስጥ ከሥራ ጋር፣ ማንም ሳያይ ደረሰኝ። ታዲያ ሲፖ ሲታማ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። መጀመሪያ እሳቸውን ሸጥኩ፤ ቀጥሎ በዝምታዬ እሱን ቀበርኩ። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም።

በቅርቡ ማማ ከእህታቸው ኩላሊት ተሰጥቷቸው እንደዳኑ፣ የውሃ ጉድጓድ የመቆፈር ሥራም እንደጀመሩ ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ሄጄ በራቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ፍርሃቴ ላስረዳ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ሲፖስ?» አሉኝ። «ለእሱ ነግረኸዋል?»

አልነገርኩትም አልኳቸው። ጃኬታቸውን ደረቡ። «እኔም ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ ማለት ነው። ተነስ፣ አብረን እንሂድ።»

ሲፖን እዚያው አሌክሳንድራ ሰፈር፣ ቤቱ ደጅ ላይ መኪናውን ሲያጥብ አገኘነው። ተናገርኩ፤ ምንም አላስቀረሁም። እሱ ግን የሚያየው ማማን ነበር። እሳቸው አለቀሱ፤ እርጥብ እጁን ሳያደርቅ አቀፋቸው። እኔን ዞሮም አላየኝ።

አሁን ሲፖ የማማን መቆፈሪያ መኪና ይነዳል። እኔም የተሸለምኩትን ሥራ ለቅቄ፣ በዚህ ምክንያት ፈቃዱን ብነጠቅም ልቀበል ተዘጋጅቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ያለበትን ቦታ ያለ ክፍያ አጠናላቸዋለሁ። ይህ ዕዳዬን ይሰርዛል አልልም። ወረቀት አልነበረኝም ብዬም አላመካኝም፤ እንደ እኔ ያለ ወረቀት የያዙ ስንቶች ሰው ሳይሸጡ ኖረዋል።

ግን ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሲፖ ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። እጁን አልዘረጋልኝም። «ሳውቦና» አለኝ፤ በዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ነው፤ ቃል በቃል ግን አየሁህ ማለት ነው።