ኮሎኝ የደረስነው ረቡዕ ነበር

ማክሰኞ፣ ሊቶኒያ፣ አትላንታ አጠገብ፣ ጎህ ሲቀድ

ጋሽ ታደሰ በረንዳው ላይ ኮት ይዘው ቆመዋል። ግራጫ የሱፍ ኮት ነው። ከላውንደሪ በመጣበት ስስ ላስቲክ እንደተሸፈነ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። ሻንጣ ውስጥ እናስገባው ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር፤ "ይጨማደዳል" ብለው እምቢ አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ኤርፖርት ሊያደርሱን መኪናውን አስነስተዋል። በመስኮት ብቅ አሉና፣

"እኔ እምልህ ታዴ፣ ጀርመን ኮት አለቀባት እንዴ? አርባ ዓመት ቁም ሳጥኔን ይዞብኝ ኖሮ ዛሬ ደግሞ አውሮፕላን ይሳፈር?"

"የሰው ነው።"

"ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ!"

"ሚስቱ አለች።"

ጉዞው የዚህ ኮት ጉዞ ነው ማለት ይቻላል። ጋሽ ታደሰ አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ከሱዳን በስደት ወጥተው፣ ጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በጥንታዊቷ ኮሎኝ ከተማ አሥራ አራት ወር ኖረዋል። ኢንግሪድ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የሕፃናት አስተማሪ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍሏን ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን የባሏን ኮት አውጥታ አለበሰቻቸው። አሜሪካ ሲመጡ "እንደተደላደልኩ እጽፍላታለሁ" ብለው ነበር። መጀመሪያ ግሪን ካርዱ ይውጣ ተባለ። ቀጥሎ ቤቱ ይገዛ፣ ቀጥሎ ልጆቹ ይመረቁ። በመሀል አድራሻዋ ያለበት ወረቀት ጠፋ።

እኔ የቤታቸው ቤዝመንት ተከራይ ነኝ። ስኔልቪል በሚባለው ጎረቤት ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ጀርመንኛ የተማርኩት ብቻዬን ነው፣ ከስልኬና ከአንድ አሮጌ ሰዋስው። ኢንግሪድን ያፈላለግኋትም እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ለኮሎኝ አጥቢያዎች ኢሜይል ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ ካትሪን ከምትባል ልጇ መልስ መጣ፦ "እናቴ ረጅሙን አልረሳችውም።" ጋሽ ታደሰ ቤዝመንት ሲወርዱ አንገታቸውን ካልሰበሩ ጉበኑ ይመታቸዋል። ቀጠሮ ያዝን፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

በአውሮፕላኑ ውስጥ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እኔ በጀርመንኛ ጽፌ የሰጠኋቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገር እየደጋገሙ አደሩ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ኮቱን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ረስቼሽ አላውቅም።"

ረቡዕ፣ ኮሎኝ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ከፍራንክፈርት ኤርፖርት የተሳፈርነው ፈጣን ባቡር ሰዓቱን ጠብቆ ደረሰ። ከጣቢያው ስንወጣ ካቴድራሉ ፊት ለፊታችን ነው። ፎቶግራፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ጥቁር መሆኑን ግን አላወቅሁም። ድንጋዩ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ሁለቱ ማማዎች ከመቶ ሃምሳ ሜትር በላይ ይረዝማሉ። ተጀምሮ እስኪያልቅ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ጋሽ ታደሰ ኮቱን በግራ ክንዳቸው አጥፈው ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። "አልተለወጠም" አሉ፤ "የተለወጥኩት እኔ ነኝ።"

ስልኬ የነቃው ያኔ ነው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ይላል። መልእክቱ ከካትሪን ነበር። እናቷ ከሁለት ቀን በፊት በጠና የታመሙ ሰዎች የመጨረሻ ቀናቸውን ወደሚያሳልፉበት ቤት ተዛውራለች። ሐኪሞቹ ከነገ ይልቅ ዛሬ ብትመጡ ብለዋል። "ጠዋት ጠዋት ትነቃለች። ረጅሙ ደረሰ ወይ እያለች ትጠይቃለች።" ከሥር አድራሻው አለ። ካርታው ላይ አየሁት፤ ከቆምንበት በታክሲ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

"ማነው?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

"ካትሪን ነች። እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ በትክክል ለመጻፍ እሞክራለሁ። ሁዳዴ ነው፤ ጋሽ ታደሰ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሌሊቱን ዓይናቸውን አልከደኑም። ልባቸው ላይ የደም ሥር ማስፊያ ስቴንት አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ክፉ ወሬ ለመንገደኛ፣ ለጾመኛ፣ በቆመበት አይነገርም። የአባቴን ማረፍ ለእኔ የነገሩኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ስምንት ሰው አስከትለው፣ ኦፍ የምሆንበትን ቀን ጠብቀው፣ በማለዳ ቤዝመንቱን አንኳኩ። ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዘው ነበር። ያን ማለዳ የሰው ልጅ ሊሠራው ከሚችለው ደግ ሥራ ሁሉ የበለጠ አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ለካትሪን "ደክሟቸዋል፤ ነገ በቀጠሯችን አራት ሰዓት እንመጣለን" ብዬ ጻፍኩላት። ዛሬ ይረፉ፣ ይብሉ፣ ይተኙ፤ ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ ቀስ ብዬ አለሳልሼ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ካቴድራሉ በር ላይ ጋሽ ታደሰ መቃኑን ተሳለሙና ቆሙ። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

"ጋሼ፣ እዚህ አይወለቅም።"

"ዝም በል። ጠይቅልኝ፣ ጫማ የት ነው የሚቀመጠው?"

ቀይ ካባ የለበሰውን ዘበኛ ጠየቅሁት። ሳቅ አለና በጫማ መግባት እንደሚቻል ነገረኝ። "ጉድ ነው!" አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ክሩን አሰሩ፣ ግን ቤቱን ሙሉ በእግራቸው ጣት ነው የሄዱት።

ውስጡ ቀዝቃዛና ከፍተኛ ነው። በደቡብ በኩል ያለው ትልቅ መስኮት ከአሥር ሺህ በላይ በሚሆኑ ትንንሽ ባለ ቀለም መስታወቶች ተሠርቷል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ካሬ ይፈስሳል። ከመንበሩ ጀርባ የሰብአ ሰገል አጽም አለበት የሚባለው የወርቅ ሳጥን ይታያል። ጋሽ ታደሰ እዚያ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ኮቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

እኔ ማማው ላይ ወጣሁ። ደረጃው አምስት መቶ ሠላሳ ሦስት ነው ተብሎ ተጽፏል፤ እየቆጠርኩ ወጣሁ፣ ልክ ነው። ከላይ ራይን ሰፊና ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ዝቅ ያሉ የጭነት ጀልባዎች ሽቅብ ይጎተታሉ። ስልኬን አውጥቼ የሕሙማኑ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ፈለግሁ። ከጣሪያዎች መሀል አንድ የጡብ ጭስ ማውጫ አየሁ፤ ከዚያ አለፍ ብሎ ይሆናል። መውጣትና መውረዱ አርባ ደቂቃ ወሰደብኝ።

ስወርድ ጋሽ ታደሰ የሻማው መደርደሪያ አጠገብ ቆመዋል።

"ሦስት አበራሁ" አሉኝ። "አንዱ ለኢንግሪድ፣ ጤናዋን። አንዱ ለአልማዝ። አንዱ ላንተ፣ አፍህን እንዲፈታልህ። አትላንታ አትናገር፣ ጀርመን አትናገር!"

ሳቅሁላቸው።

ረቡዕ፣ ወንዙ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምግብ ፈለግን። ከወንዙ ዳር ጠባብና ባለ ቀለም ቤቶች ተደርድረዋል። እዚህ ሰው ሁሉ የሚበላው የድንች ቂጣ እንቁላል አለበት፤ አስተናጋጇን ጠይቄ አረጋገጥኩ። ጋሽ ታደሰ የተቀቀለ ድንች፣ ጥቁር ዳቦና ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም በሉ። "ጠፍቶብኝ የነበረ ጣዕም" አሉ፤ "ኢንግሪድ ዓርብ ዓርብ ትሠራው ነበር።"

ከቤቶቹ በላይ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያል፤ አራት ትንንሽ ማማዎች አቅፈውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሶ የተሠራ ነው። እሳቸው በነበሩበት ጊዜ እንጨት ተገጥግጦበት፣ ሠራተኞች እየተንጠለጠሉበት ነበር። ውስጡ ባዶና ነጭ ነው። አንዲት መነኩሲት ወለል ትጠርጋለች።

ከዚያ የባቡሩ ድልድይ ላይ ወጣን። አጥሩ ላይ ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ ቁልፍ ተቆልፎበታል።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ?"

"ፍቅረኞች ናቸው ጋሼ። ቆልፈው መክፈቻውን ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል።"

"እኔ ደግሞ የጣልኩት አድራሻ ነው።" ባቡር ሲያልፍ ድልድዩ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። "ቤቷ ከዚህ ሩቅ ነው?"

"ሩቅ አይደለም።"

"ዛሬ ብቅ ብንል ነውር ይሆናል?"

አሁንም እዚያ ድልድይ ላይ ነኝ። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"ጀርመኖች በቀጠሮ ነው ጋሼ።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አሉ። "ቀጠሮ ነው።"

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ቁርስ ላይ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ኢንግሪድ ትንሽ አሟት የሚንከባከቧት ቤት ውስጥ ናት አልኳቸው። ከረባታቸውን አጠበቁና "እንግዲያው ቶሎ እንሂድ" አሉ። በሩ ላይ የደረስነው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ነበር።

ካትሪን ኮሪደሩ ላይ አገኘችን። ስልሳ ዓመት ያህል ይሆናታል፤ ዓይኗ ቀልቷል። የጋሽ ታደሰን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ለማስተርጎም አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ በእጃቸው አቆሙኝ። አርባ ዓመት የተኛው ጀርመንኛቸው ነቅቶ ነበር። እናቷ ጎህ ሲቀድ እንዳረፈች ነገረቻቸው።

ከዚያ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ እንዲህ አለች፦ "ትናንት ቀኑን ሙሉ ነቅታ ነበር። መልእክቴን ከላክሁ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።"

"ትናንት?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"አዎ። ትናንት ጠዋት።"

እኔን አላዩኝም። ብቻቸውን ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከኮሪደሩ ሆኜ ሰማኋቸው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አንድም ስሕተት ሳይሠሩ ተናገሩ። ሲወጡ ኮቱ አልነበረም። ካትሪን መልሳ ልትሰጣቸው ብትሞክርም "የቤቱ ነው" አሏት።

ወንዙ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ካፖርት ስላልነበራቸው ጃኬቴን አውልቄ ሰጠኋቸው፤ አልወሰዱትም።

"መቼ ነው የጻፈችልህ?"

"ትናንት፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ። ጣቢያው በር ላይ።"

"ካቴድራሉ ሳንገባ?"

"አዎ።"

"ያን ሻማ ሳበራ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ድልድዩ ላይ ስጠይቅህም?"

"አዎ ጋሼ። እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው። እርስዎም ለእኔ እንደዚያው ነው ያደረጉልኝ። የአባቴ ጊዜ።"

አንድ የጭነት ጀልባ እስኪያልፍ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

"አባትህ ሞቶ ነበር" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። "ለሞተ ሰው ቸኩለህ የምታደርግለት ነገር የለም፤ ስለዚህ ላለው ይታሰባል። መርዶ ለሞተ ነው። እሷ በሕይወት ነበረች። ብደነግጥ ድንጋጤው የእኔ ነበር። ለምን ወሰድክብኝ?"



ዓርብ

ቀብሩ የሚፈጸመው ከሳምንት በኋላ ነው፤ እዚህ እንደኛ በማግስቱ አይቀብሩም። የእኛ ቲኬት የቅዳሜ ነው፤ የእኔ ሺፍት ሰኞ ይጀምራል። እሳቸው መቆየት ፈልገው ነበር፤ የልብ መድኃኒታቸው የተቆጠረው እስከ እሑድ ብቻ ነው።

ጠዋት ወደ ቅዱስ ጌሬዎን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የኢንግሪድ የድሮ ቤት ከጀርባው ነበር፤ ክረምት ላይ እየገቡ ይቀመጡበት ነበር። ብቻቸውን መግባት ፈለጉ። እኔ በውጭ ስዞር የጉልላቱን ጎኖች ቆጠርኩ። አሥር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለምን አሥር እንደሆነ አነብብ ነበር።

ቅዳሜ፣ አትላንታ

እትዬ አልማዝ ከሻንጣ መቀበያው በር ፊት መኪናውን አቁመው ይጠብቁናል። ጋሽ ታደሰን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

"ኮቱስ?"

"ሰጠሁ።"

"እሰይ! አገኘሃት ማለት ነው?"

"አየኋት።"

"ምን አለችህ?"

"ተኝታ ነበር" አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ቀበቷቸውን እያሰሩ። "ደክሟት ነበር። መንገዱ ዘገየብን።"

ከኋላ ወንበር ሆኜ ጆሯቸውን ብቻ ነው የማየው። የዋሹት ለእኔ ሲሉ ነው። ነገ እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እትዬ አልማዝ ለሰው ሁሉ "ደርሰውላታል" እያሉ ይናገራሉ። ጋሽ ታደሰም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔም ኪራዬን እየከፈልኩ ከሥራቸው እኖራለሁ። ከኤርፖርት እስከ ሊቶኒያ ትራፊክ ከሌለ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ቤት እንግባ፣ ይብሉ፣ ይረፉ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለእትዬ አልማዝ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ማለት ጀምሬ ነበር። ያንኑ ሐሳብ፣ በዚያው ቅደም ተከተል።

"እትዬ" አልኩ።

"አቤት?"

"አንድ የምነግርዎ አለኝ። አሁን።"

"ቤት ስንደርስ ትነግረኛለህ፤ ሀይዌይ ላይ ነኝ እኮ።"

"አይ፣ አሁን ይሁን።"

ጋሽ ታደሰ ዘወር ብለው አዩኝ። ከሐሙስ ወዲህ ፊቴን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። "ውጪ አልማዝ" አሉ። "ፓርክ አድርጊ።"

እትዬ አልማዝ በሚቀጥለው መውጫ ወጥተው አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አቆሙ። ሞተሩን አጠፉ። ውኃ የለም፣ የተሰበሰበ ሰው የለም። አጠገባችን አንድ ሰው የመኪናውን ጎማ ይነፋል።

"ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ" ብዬ ጀመርኩ።