ከእትዬ የሺ ሱቅ ጨው እንኳ አልገዛም

ልጅ እያለሁ፣ ቦንጋ ውስጥ እሁድ ከሰዓት የእኛ ሰፈር ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚወጣው ወደ እትዬ የሺ ሱቅ ነበር። ቴሌቪዥን የነበራት እሷ ብቻ ናት። ከምሳ በኋላ ባንኮኒው ላይ አውጥታ ፊቱን ወደ በረንዳው ታዞረዋለች፤ አግዳሚ ወንበሮችም ትደረድራለች። ለስላሳ የገዛ ይቀመጣል፣ ያልገዛ ቆሞ ያያል። እኛም የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ ጫማችንን ከጭቃ እየጠበቅን እንወርድ ነበር። የዝናብ፣ የላምባና የብስኩት ሽታ የተቀላቀለበት ያ በረንዳ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ እሁድ አባቴ ለሥራ ወደ ደካ ከተማ ሄዶ ስለነበር እናቴ ብቻዋን ይዛን ወጣች፤ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ። አንድ ለስላሳ ገዝታ ጫፍ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ድራማው መሃል ላይ እትዬ የሺ መጥታ ቴሌቪዥኑን ከልላ ቆመች፤ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

“አንቺ ተነሺ። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ነው፤ እዚህ ማንኪራ አይደለም” አለቻት።

ሰዎች ሳቁ። እናቴ ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለችው የገጠር መንደር፣ የማንኪራ ልጅ ናት፤ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ወንድሜን እንዳዘለች ድራማው እስኪያልቅ ቆመች። እኔ ተቀምጬ ነበር። ያቺን ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብያት አላውቅም፤ እትዬ የምላትም አፌ ስለለመደው ነው።

ቤት ስንገባ፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ከእሷ ሱቅ ጨው እንኳ አልገዛም ብዬ ማልኩ። እናቴ “ተይ ልጄ፣ እርሺው” አለችኝ። አልረሳሁም። ክብሪት ስላክ ዝናብ እየደበደበኝ ገበያው ድረስ እሄድ ነበር። ስኳሯ ውስጥ አይጥ ገብቷል ብዬ ትምህርት ቤት ያስወራሁትም እኔ ነኝ፤ ዛሬም አይጸጽተኝም። አባቴ ቴሌቪዥን የገዛ ጊዜማ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርቼ ቤታችን አስቀመጥኩ። የእሷ በረንዳ ባዶ መሆኑን በአጥር ቀዳዳ አይቼ ነፍሴ ደስ አላት። እናቴ አሁንስ ይብቃሽ ትለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜም በዚያ ሱቅ ሳልፍ፣ ከሌላ ቦታ የገዛሁትን ፌስታል እንድታየው በእሷ በኩል አድርጌ ነው።

አሁን ሁሉም በየስልኩ ያያል፤ ለቴሌቪዥን ብሎ ለብሶ የሚወጣ ቤተሰብ የለም። አስቤዛዬንም በቴሌግራም ነው የማዝዘው፤ በባጃጅ እስከ ደጃፌ ይመጣል። ወራት ሙሉ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ከአንድ ቻናል ሳዝዝ ቆየሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃውን ያመጣችው የቻናሉ ባለቤት ራሷ ነበረች፤ ጨዋና ሳቂታ ሴት። ሱቅሽ የት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

“የእናቴ ሱቅ ነው፤ የእትዬ የሺ” አለችኝ።

ሂሳቡን ከፍዬ በሩን በንዴት ዘጋሁት። ድሮ ዕቃ የሚገዛ ሰው ባንኮኒ ፊት ቆሞ የሻጩን ፊት ያያል፤ የወደደውን ይወዳል፣ የጠላውን ይጠላል። እነሆ ጊዜው ተሻሽሎ፣ ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩትን ቂም በአንድ ጣቴ ሳፈርሰው ከረምኩ።

እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነበር። እየሳቅኩ፣ ግን አንጀቴ እያረረ ነገርኳት፤ የለመደችውን ትለኛለች ብዬም ጠበቅኩ። ብርጭቆዋን ዝቅ ብላ አየች።

“ይሄም ስኳር የእሷ ነው?” አለች።

አዎ አልኳት። ግማሽ የደረሰውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ገፋችው።

“በይ ድፊው።”

ዕድሜዋን ሙሉ እርሺው ስትለኝ የኖረችው እናቴ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ የምትጠጣው ያለ ስኳር ነው።