ቆጮ ጉድጓድ የገባው ሴሚያስ

ትናንት ሆሳዕና ከተማ አንድ ጋራዥ በር ላይ ሳልፍ የዲፈረንሻል ዘይት ሸተተኝና ሆዴ ጮኸ። ሰው ቢሰማ አበደች ይለኛል።

በጃንሆይ ዘመን አባቴ ከፎንቆ ገበያ እህል የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። የአካባቢያችን ሹም ለልጁ ሰርግ ያለ ኪራይ ሊወስዳት መሆኑን አባቴ ሰማ። የፊት ጎማዎቿን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ለጥገና አውርዶት ስለነበር መኪናዋ የምትሄደው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነበር። እነሱን የሚያዞሩትን ሁለት የብረት ዘንጎች፣ ሴሚያሶቹን፣ መዘዘና ዘይታቸውን ሳይጠርግ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ እናቴ ቆጮ የቀበረችበት ጉድጓድ ውስጥ ከተታቸው።

የሹሙ ሰዎች መጡ። ሞተሩ ተነሣ፣ ማርሽ ገባ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

አባቴ እጁን አጣምሮ፣ «ያውላችሁ፣ ውሰዷት እንጂ!» አላቸው።

«እሷ ካልሄደች አንተ ትሄዳለህ!» ብለው እየገፈተሩ ወሰዱት። እሱ ግን ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እኔ እስክመለስ ቆጮው እንዳይነካ» አላት።

በሳምንቱ ፊቱ አባብጦ ተመለሰና ጉድጓዱን ራሱ ከፈተው። ቆጮው ዘይት ዘይት ይላል። እናቴ ልትደፋው ስትነሣ፣

«አይደፋም፤ ጋግሪው!» አላት።

ጋገረችው። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ዛሬም ባገኘው አስጨምራለሁ።