ለነጭ የሚሆን ውሃ

ቁስቋም ሰፈር ባለው ግቢያችን ቧንቧ አለ። አለ ማለቴ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ውሃው የሚመጣው ሲያሻው ነው። ሲመጣ በርሜል እንሞላና ለመጠጥና ለወጥ ብቻ እየቆጠብን እንጠቀምበታለን። ለልብስ የሚቀርልን በጋሪ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ይህን ውሃ እንደ ክፉ ጎረቤት እጠላዋለሁ። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። ሳሙና ሲነካው ግን አረፋ ማውጣቱ ቀርቶ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠርና በሳፋው ጠርዝ ላይ ግራጫ ዝቃጭ ይተዋል። ለማጠቢያ የምናፈላበት ድስት ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስላል። በዚህ ውሃ ደጋግሞ የታጠበ ነጭ ልብስ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ቢጫ ይላል፣ ሲደርቅም እንደ ጆንያ ይገተራል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በአንድ ኩታ ምክንያት ነው።

ኩታው የታናሽ ወንድሜ ነው። እናቴ ዐይኗ ሳይደክም ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ዘንድ ወስዳ ያሠራችለት፣ ለጥምቀት የሚለብሰው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ለሰሊጥ አረም ወደ ሳንጃ ሲወርድ አጣጥፎ ሰጣት። “ቆላ ለቆላ ነጭ ልብስ ምን ይሠራልኛል” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ነጭ አድርጋችሁ አቆዩልኝ። ለጥምቀት ስመጣ አመድ የመሰለ ነገር እንዳታለብሱኝ” አለኝ እየሳቀ።

“ኩታውን ከማጥብ አንተን ባጥብህ ይሻላል” አልኩት። የሸሚዙ ኮሌታ ሁልጊዜ እንዳደፈ ነበርና።

መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመለስ የእሱ ስልክ አልተመለሰም። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው አለ ሲሉን እየሄድን እንጠይቃለን፤ አንዱ ወደ መተማ ተሻገረ ይላል፣ ሌላው አላየሁትም ይላል። ጥምቀት መጣ፤ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደ። እኛ ቤት ኩታው ከሳጥን ሳይወጣ በዓሉ አለፈ።

እናቴ ስለ ልጇ አታወራም። የምታወራው ስለ ኩታው ነው።

“ቢጫ ብሏል፤ እጠቢው።”

“እማ፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ምን ያሳድፈዋል?”

“ምነው ልጄ፣ መጨቃጨቅ ትወጃለሽ? ሸጋ አድርገሽ እጠቢው። ቢመጣስ?”

“ቢመጣስ” ስትለኝ አጥባለሁ። ኩታውን ምን እንደሚያሳድፈው የገባኝ አንድ ቀን ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ ነው። ጉንጯ ሥር ጠቅልላ ተንተርሳው ተኝታለች፤ የጠጉሯ ቅባት ነክቶታል። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ምን ያሳድፈዋል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እሷ ባደገችበት በወገራ ገጠር እንዲህ ያለ ውሃ ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን አሳየችኝ። የእንጨት አመድ ትበትኚበታለሽ፣ ታሳድሪዋለሽ፣ ጠዋት ሳታናውጪ ላዩን ትቀጂዋለሽ። ውሃው ይለዝባል። ከዚያ ደረቅ እንዶድ ወቅጦ መዘፍዘፍ ነው፤ እንዶድ ያንን ውሃ አይፈራውም፣ አረፋው ከሳፋ ይገነፍላል። ኩታውን በእግሬ እረግጠዋለሁ፣ አሸዋለሁ፣ እጨምቀዋለሁ። ችግሩ ማለቅለቂያው ላይ ነው። ለማለቅለቅ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ብዙ ያለን ደግሞ ያው የጉድጓዱ ነው። እንዶዱ ያነጣውን እሱ መልሶ ያደበዝዘዋል። ከመጠጡ በርሜል ጥቂት ብሰርቅም አልበቃኝም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። በየወሩ እታገላለሁ፣ በየወሩ ትንሽ ይብስበታል።

ግንቦት ላይ ከሥራ ስመለስ እናቴ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። የበረኪናው ሽታ ከበር ጀምሮ ተቀበለኝ። ጎረቤታችን፣ “በረኪና ያነጣዋል፤ ለምን ትደክማላችሁ” ብላ ብልቃጡን ሰጥታት ነው። ያ ውሃ ዝገት አለበት። ተራ ልብስ ስናጥብ ዝገቱ ተደብቆ ያልፋል፤ በረኪና ሲያገኝ ግን ወጥቶ ጥጡ ላይ ይቀመጣል። ኩታው እዚህም እዚያም ቀይ ዳማ ሆኗል።

“ምነው እማ! ምነው እስክመጣ ብትታገሺ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!” ብዬ ጮህኩባት። እርጥቡን ኩታ ወደ ዐይኗ አስጠግታ አየችው።

“ደም መሰለ” አለች።

ያኔ ንዴቴ ጠፋ። “ዝገት ነው እማ፣ ይለቃል” አልኳት።

“በምን ይለቃል?”

“ዝናብ ይምጣ እንጂ ይለቃል።”

አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። እሷ ግን እንደ ተስፋ ቃል ያዘችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ላይ ተቀምጣ ደመና ስታይ ትውላለች።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ አጥቦ ስለሚወርድ ደፋነው፤ ቀጥሎ የመጣውን በርሜል ሞላንበት። ዝገቱን በሎሚ እያሸሁ ኩታውን ፀሐይ ላይ አዋልኩት፣ ደግሜ አሸሁት፣ በእንዶድ ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ በዝናብ ውሃ እየቀያየርኩ አለቀለቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃው ከእኔ ጋር ሆነ። ገመዱ ላይ ሳሰጣው ደመናው ተገልጦ ነበር፤ ነጭነቱ ዐይን ይወጋል። እናቴ መጥታ በእጇ ዳበሰችው። ልስልስ ብሏል።

“አሁን ይምጣ” አለች፤ ወንበሯን ከኩታው ፊት ለፊት አድርጋ ተቀመጠች። እኔም፣ ነጭ የማጥብ ሞኝ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ መሰለኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎታችን፣ ምስር ይዞልን የመጣው ያን ከሰዓት ነው። የግቢውን በር ከፍቶ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደገባ ገመዱ ላይ ያለውን አየ። ቆመ። እኛ ዘንድ ሬሳው ላልመጣ ሰው ሲለቀስ ልብሱ ለለቅሶ ይወጣል፤ ልብሱ ደግሞ አድፎ አይወጣም፣ ታጥቦ ነው። ምስሩን ጣለና ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ።

“ወይኔ ልጄ! ወይኔ!” ብሎ አለቀሰ። “ማን ነገራችሁ? እኔ ከንስሐ አባታችን ጋር ነገ ጎህ ሲቀድ ላረዳችሁ ነበር… ማን ቀድሞኝ ነገራችሁ?”

እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም።

“ምኑን ነው የሚነግሩን፣ አያ?” አለችው።

አጎቴ ነጠላውን ከፊቱ አወረደ። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ኩታውን አየ። የሠራው ነገር ሲገባው አየሁት፤ የዚያን ሽማግሌ ፊት እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻለም። ከወንድሜ ጋር ያርም የነበረ ሰው ከሳንጃ መጥቶ ነግሮታል። ወባ ነው። ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞቶ እዚያው ቆላ ቀብረውታል፤ ያኔ ገና ኅዳር ነበር። እኔ ሳጥብ፣ ሳሽ፣ ማለቅለቂያ ስሰርቅ የከረምኩት አፈር ለለበሰ ሰው ነው።

እናቴ ወደ ገመዱ ሄደች። ኩታውን በሁለት እጇ ያዘችውና ጫፉን ወደ ጉንጯ አስጠጋች።

“ገና አልደረቀም” አለች።

በማግስቱ ኩታው ለለቅሶ ወጣ። ሴቶቹ አልጋ ላይ ዘርግተውት በዙሪያው አለቀሱ። አንዷ ለቀስተኛ ጎንበስ ብላ ነካችውና፣ “እንዴት አድርጋችሁ ብታጥቡት ነው እንዲህ የነጣው?” ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። በዝናብ ውሃ ነው አልኳት፤ ምን እላታለሁ። ለቅሶው ሲያበቃ ኩታውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠነው።

ክረምቱ አሁንም እየዘነበ ነው፤ በርሜሉ ሞልቷል። ትናንት የእናቴን ጥቁር ቀሚስ ላጥብላት ብዬ ከእሱ ስቀዳ ክንዴን ያዘችኝ።

“ተይው፤ ያ ለነጭ የሚሆን ውሃ ነው” አለችኝ። “ለጥቁር የጉድጓዱ ይበቃዋል።”